ቀስ በቀስ! ውሻን አዲስ ደረቅ ምግብ ስለማልመድ

የዛሬው ንባባችን ስለ ውሻ ነው። «ውሻ ደግሞ ምን ይነበብለታል? የተረፈውን ይበላል፣ ይጮኻል፣ አለቀ!» የሚል አይጠፋም። እስኪ እስከ መጨረሻው አንብቡና ፍረዱ።

የሌሊቱ ዘበኛ

ዶርዜ ደጋ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ ወደ ጨንቻ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ሙቀቱን ከታች ትቶ ጉም ውስጥ ይገባል። እንሰቱን፣ ቀርከሃውንና የገብሱን ማሳ ጉም ይሸፍነዋል። ሌሊቱ ብርድ ነው። ሰው በጋቢው ተጠቅልሎ ይተኛል። ከብቱም ከቀርከሃ በተሠራው ትልቅ ቤት ውስጥ ገብቶ ያድራል። ውጭ የሚቀረው ውሻው ነው። ጅብ ሲመጣ ቀድሞ የሚያሸተው እሱ ነው። ቀድሞ የሚጮኸውም እሱ ነው።

ስለ ነብር ደግሞ በዶርዜ አንድ የቆየ አባባል አለ። ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይባላል። ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር ዶርዜ ተቀምጦ ያጠና ነበር። ይህን አባባል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ምሁሩ ሌላም ነገር አስተውሏል። ነብር ይጾማል የሚለው ሰው ራሱ፣ ረቡዕም ዓርብም ከብቱን እንደ ሌላው ቀን ይጠብቃል። ልክ ነው! አባባሉም ይነገራል፣ በጉም ይጠበቃል።

ታዲያ ጠባቂው ሆዱን ቢታመምስ? ሆዱን የታመመ ውሻ አይጮኽም። ጥግ ይዞ ይተኛል። ስለዚህ የውሻ ሆድ ነገር የበግም ነገር ነው፣ የቤትም ነገር ነው።

ውሻው እስከ ዛሬ የበላው

የዶርዜ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ከቤተሰቡ የተረፈውን ነው። ቤተሰቡ ቆጮ ሲበላ ቆጮ ያገኛል። ድንች ሲቀቀል ድንች ያገኛል። የገብስ ቂጣ ሲጋገር ፍርፋሪውን ያገኛል። በበዓል አጥንት ይቆረጥማል።

«ውሻ ሥጋ በል አይደለም ወይ? ቆጮ ምን ያደርግለታል?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ጥሩ ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች በፈረንጆች 2013 ውሻን ከተኩላ ጋር አወዳድረው ነበር። ያገኙት ነገር ይህ ነው፦ ውሻ እንደ ቆጮ፣ ገብስና ድንች ያለውን ምግብ የመፍጨት ችሎታው ከተኩላ እጅግ ይበልጣል። ውሻ ከሰው ጋር በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ኖሯል። በኖረበት ዘመን ሆዱ የሰውን ምግብ ተማረ ማለት ነው።

ይሁንና ቆጮ አንድ ጉድለት አለው። ጉልበት ይሰጣል እንጂ ሰውነት የሚገነባውን ንጥረ ነገር፣ ፕሮቲን የሚባለውን፣ በጣም ጥቂት ብቻ ነው የያዘው። ፕሮቲን በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በዓሣ፣ በባቄላና በአተር ውስጥ ይገኛል። ቆጮ ብቻ የሚበላ ውሻ ሆዱ ይሞላል፣ ግን ጡንቻው ይከሳል። ጠጉሩም ይሳሳል።

ደረቅ ምግብ ምንድን ነው?

አሁን አሁን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በከረጢት የታሸገ የውሻ ምግብ ይሸጣል። ደረቅ ነው። መልኩ ቡናማ ሆኖ እንደ ባቄላ ፍሬ ድብልብል ያለ ነው። ሲበላ ቀጭ ቀጭ ይላል።

የዚህ ምግብ ታሪክ ከ160 ዓመት በላይ ነው። ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ በፈረንጆች 1860 ገደማ እንግሊዝ አገር ለንደን ውስጥ የውሻ ብስኩት መሸጥ ጀመረ። ብስኩቱ ከስንዴ ዱቄት፣ ከአትክልትና ከሥጋ የተሠራ ነበር። ቆየት ብሎ በ1957 አሜሪካ ውስጥ ሌላ አሠራር ወጣ። እህሉና ሥጋው ተፈጭቶ ይቦካል። ሊጡ በእንፋሎት ይሞቅና በመሣሪያ ቀዳዳ ተገፍቶ ይወጣል። ሲወጣ ይነፋል። ከዚያ ይቆረጣል፣ ይደርቃል። ዛሬ በከረጢት የሚሸጠው አብዛኛው ደረቅ ምግብ በዚህ ዓይነት የሚሠራ ነው።

በደንብ የተሠራ ደረቅ ምግብ ፕሮቲንም ጉልበት ሰጪም ነገር አለው። ውሃ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ከ10 እጅ 1 እጅ ብቻ ነው ውሃው። ይህን ነገር ያዙት። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሆድ ለምን ይታወካል?

እናቶች ሆይ! የቆጮን ሥራ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እንሰቱ ይፋቃል። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ይገባል። ከዚያ ይቆያል። በአንድ ሌሊት ቆጮ የሆነ አለ? የለም! የሚያቦካው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሕዋስ ነው። ረቂቅ ሕዋሱ እስኪራባና እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል።

የውሻም አንጀት እንደዚያ ጉድጓድ ነው። በውስጡ ቁጥር ስፍር የሌለው ረቂቅ ሕዋስ ይኖራል። ምግብ በመፍጨት ያግዛል። ቆጮ ለለመደ ውሻ የቆጮው ረቂቅ ሕዋስ በዝቶለታል። ድንገት ሌላ ምግብ ብቻ ሲመጣ ግን አንጀቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ለሥራው አይበቃም። ምግቡ ሳይፈጭ ያልፋል። ውሃ ይስባል። ያን ጊዜ ተቅማጥ ይሆናል። ሆዱ ይነፋል፣ ያጉረመርማል። አንዳንዱ ውሻ ያስመልሳል።

ጊዜ ከተሰጠው ግን አዲሱን ምግብ የሚፈጨው ረቂቅ ሕዋስ ቀስ እያለ ይራባል። ሆድም ይማራል ያልነው ለዚህ ነው። እናንተስ ፊደልን በአንድ ቀን ነው እንዴ የቆጠራችሁት? ዛሬ ሀ፣ ነገ ለ እያላችሁ አይደለም እዚህ የደረሳችሁት?

አንድ ምሳሌ

እንዲህ እንበል። አንድ ሸማኔ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሲሠራ ቆየ። ለመስቀል ወደ ዶርዜ ሲገባ 10 ኪሎ የውሻ ምግብ ይዞ መጣ። «ውሻችን ከስቷል፣ ይህን ይብላ» አለ። በዚያው ምሽት የውሻውን ዕቃ ጢም አድርጎ ሞላ። ምግቡ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ውሻው እንዴት ይተው? ጥርግ አድርጎ በላ። ቤተሰቡም ደስ አለው።

በማግስቱ ተቅማጥ ጀመረው። እንደገና ያንኑ ምግብ ሞልተው ሰጡት። ባሰበት። በሦስተኛው ሌሊት ጅብ ሲመጣ ውሻው ከጥጉ አልተነሳም። ጠዋት ሲታይ ከበረቱ አንድ በግ የለም።

ያን ጊዜ ሽማግሌው አባት ተቆጡ። «ይህ የፈረንጅ ምግብ መርዝ ነው፣ ጣሉት!» አሉ። ከረጢቱ ተጣለ።

እስኪ እንቁጠር። የውሻው ጤና አንድ። በጉ ሁለት። ሸማኔው ሸማ ሸምኖ ያገኘው ገንዘብ ሦስት። ሦስት ነገር ጠፋ። ምግቡ ግን ደህና ምግብ ነበር። ሌላ ገንዘብ ሳይወጣ፣ ጥቂት ቀን ታግሶ በመቀላቀል ብቻ ሁሉም ይድን ነበር።

አሠራሩ

አዲሱ ምግብ በአሮጌው ላይ ቀስ እያለ ይጨመራል። አሮጌውም ቀስ እያለ ይቀነሳል። ጠቅላላው 10 ቀን ይፈጃል። ውሻው በቀን የሚበላውን በ4 እኩል እጅ ክፈሉት።

ከ1ኛው እስከ 3ኛው ቀን፦ 3 እጅ አሮጌ፣ 1 እጅ አዲስ።
ከ4ኛው እስከ 6ኛው ቀን፦ 2 እጅ አሮጌ፣ 2 እጅ አዲስ።
ከ7ኛው እስከ 9ኛው ቀን፦ 1 እጅ አሮጌ፣ 3 እጅ አዲስ።
በ10ኛው ቀን፦ 4ቱም እጅ አዲስ።

ቀኑ እንዳይጠፋባችሁ በገበያ ቁጠሩት። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው። ሰኞ ገበያ ጀምሩ። ሐሙስ ገበያ ሲደርስ ግማሽ በግማሽ አድርጉት። እሑድ 3 እጁን አዲስ አድርጉት። ረቡዕ ሁሉም አዲስ ይሆናል። በሚቀጥለው ሐሙስ ገበያ ስትወጡ ውሻችሁ ለምዶ ታገኙታላችሁ።

መጠኑን ልብ በሉ። ደረቅ ምግብ ውሃ ስለሌለው ጥቂቱ ብዙ ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን ያደገ ውሻ በቀን ሩብ ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ አንዱ እጅ የሩብ ኪሎ አንድ አራተኛ፣ ማለትም 60 ግራም ያህል ነው። አንድ እጅ ቆጮ ስትቀንሱ በቆጮው ልክ ደረቅ ምግብ አትሙሉበት። ይበዛበታል። የቀኑንም ምግብ በአንድ ጊዜ አትስጡ። ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ማታ ስጡ። ለቡችላ ደግሞ በቀን 3 ጊዜ ከፋፍላችሁ ስጡ።

አዲሱን ምግብ እንቢ የሚል ውሻ አለ። እሱን በጥቂት ለብ ያለ ውሃ አርሱለት። ሽታው ይወጣና ይበላል። የራሰ ምግብ ግን አይቆይም፣ ይበላሻል። ከተረፈ ድፉት፣ ዕቃውንም እጠቡ።

ውሃ! ውሃ!

ደረቅ ምግብ 10 እጅ ተከፍሎ 1 እጁ ብቻ ውሃ ነው ብለን ነበር። ቆጮና የተቀቀለ ድንች ግን ብዙ ውሃ በውስጣቸው አለ። ስለዚህ ምግቡ የተለወጠለት ውሻ ከበፊቱ የበለጠ ይጠማዋል። 15 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን እስከ 1 ሊትር ውሃ ሊጠጣ ይችላል። «አገሩ ብርድ ነው፣ አይጠማውም» አትበሉ። ንጹሕ ውሃ ሌትም ቀንም ከአጠገቡ አይጥፋ።

ተቅማጥ ቢመጣስ?

ትንሽ መላላት ቢታይ አትደንግጡ። አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ግማሽ በግማሽ ላይ ሆኖ ከቀጠነበት ወደ 3 እጅ አሮጌና 1 እጅ አዲስ ተመለሱ። እዚያ ላይ 3 ቀን ቆዩ። ሲጠናለት ወደ ፊት ቀጥሉ። 10 ቀን ያልነው 15 ቀን ቢሆን ጉዳት የለውም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ?

ነገር ግን የሚከተሉትን ካያችሁ ነገሩ ከምግብ መለወጥ ያለፈ ነው። ተቅማጡ ደም ካለበት፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ውሃም ከጠላ፣ ወይም ከ2 ቀን በላይ ከቆየበት ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ ውሰዱት። ቡችላ ከሆነ 2 ቀን አትጠብቁ፣ ቡችላ ቶሎ ይሞታል። ለሰው የታዘዘ መድኃኒት ለውሻ አትስጡ። የሰው መድኃኒት ውሻን ሊገድል ይችላል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ምግብ እንቢ ያለ ውሻ ሁሉ አዲሱን ምግብ ጠልቶ አይደለም። ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ያገኘውን ሁሉ ለመንከስ ከቃጣው የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። «ጉሮሮው ላይ አጥንት ተሰክቶበት ይሆናል» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታግቡ! ልጆችን አርቁ። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡ። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ይህ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ቀድሞ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል።

ከረጢቱ ላይ ያለውን አንብቡ

አሁን ማንበብ ችላችኋል። ከረጢት ስትገዙ ተጠቀሙበት። የብዙው ከረጢት ጽሑፍ በውጭ ቋንቋ ነው። ቁጥሩን ግን ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። ምግቡ የሚያልፍበት ቀን በቁጥር ተጽፏል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የከረጢቱ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የፈረንጅ ዓመት ከእኛ በ7 ወይም በ8 ይበልጣል። ከረጢቱ ላይ 2024 የሚል ብታነቡ በእኛ 2016 ወይም 2017 ማለት ነው። ይህን ያልቀነሰ ሰው ጊዜው ያለፈበትን ምግብ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ብሎ ይገዛል።

ምግቡ ቤት ከገባ በኋላም ጠላት አለው። ጠላቱ እርጥበት ነው። ደጋው ጉምና ዝናብ ይበዛበታል። እርጥበት የነካው ምግብ ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ ጉበት የሚያበላሽ መርዝ ያወጣል። በፈረንጆች 2005 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መርዝ ያለበት ደረቅ ምግብ ተሸጦ ከ100 በላይ ውሾች ሞተዋል። ስለዚህ ከረጢቱን መሬት ላይ አታስቀምጡ። ቆጥ ላይ አውጡት፣ ወይም ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ጨምሩት። አይጥም አይደርስበት። የሻገተ፣ የተጣበቀ ወይም መጥፎ ሽታ ያመጣ ምግብ ይቀበር። «ለውሻ ምን አለበት» አይባልም።

ከረጢቱ ሲያልቅስ?

ይህን ብዙ ሰው አያስብም። 10 ኪሎ ምግብ በቀን ሩብ ኪሎ ቢሰጥ 40 ቀን ይበቃል። በ41ኛው ቀን ባዶ ነው! ያን ቀን ድንገት ወደ ቆጮ መመለስ ደግሞ ሌላ ድንገተኛ ለውጥ ነው። ሆዱ እንደገና ይታወካል።

ስለዚህ ከረጢቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። የ5 ቀን ምግብ ሲቀር፣ ማለትም አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ ሲቀር፣ መመለስ ጀምሩ። ያንኑ መንገድ ወደ ኋላ ሂዱ። መጀመሪያ 3 እጅ ደረቅ፣ ቀጥሎ 2 እጅ፣ ቀጥሎ 1 እጅ።

ሌላም ብልሃት አለ። ደረቁን ምግብ ጨርሶ ብቻውን ከመስጠት ይልቅ 1 እጅ ብቻ ከቤቱ ምግብ ጋር ዘወትር መቀላቀል ይቻላል። ያን ጊዜ የ40 ቀኑ ምግብ 160 ቀን ይሄዳል። ለውሻ ሆድ ጥቂትም ቢሆን ሳይቋረጥ የሚመጣ ይሻለዋል።

ከረጢት መግዛት የማይችልስ? ብዙዎቻችን አንችልም። እሱም አያሳፍርም። ቆጮው ላይ በደንብ የተቀቀለ ባቄላ ወይም አተር ጨምሩበት። እንቁላል ሲገኝ ቀቅላችሁ ጨምሩ። በደንብ የተቀቀለ የሥጋ ቁራጭም ጥሩ ነው። ይህም ለሆዱ አዲስ ስለሆነ በዚያው በ10 ቀን መንገድ አልምዱት። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዳጣ የነካው ምግብ ግን ለውሻ አይሰጥም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻሉ።

የመስቀልና የፋሲካ ሰሞን

በጋሞ ደጋ መስቀል ታላቅ በዓል ነው። በየአገሩ የተበተነው ሸማኔ ሁሉ ይገባል። ከብት ይታረዳል፣ ሥጋ ይከፋፈላል። በፋሲካም እንዲሁ ነው። ጾመኛ ቤት የሚኖር ውሻ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ሳይሸተው ይከርማል። በ56ኛው ቀን ግን አጥንትና ሆድ ዕቃ ይወርድለታል። ይህም ድንገተኛ የምግብ ለውጥ ነው። በበዓል ማግስት ውሻ የሚታመመው አንዱ በዚህ ነው።

እንግዲህ እንግዳ ለመስቀል ደረቅ ምግብ ቢያመጣላችሁ በዚያው ሳምንት አትጀምሩ። ሥጋውም አዲስ፣ ደረቁም አዲስ ከሆነ ሆዱ ሁለት ሸክም ይሸከማል። በዓሉ ይለፍ። ውሻው ወደ ወትሮው ምግብ ይመለስ። ከዚያ ሰኞ ገበያ ጀምሩ።

የተቀቀለ አጥንትም አትስጡ። ሲሰበር እንደ እሾህ ይሾላል። አንጀት ይወጋል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ጥሬ ሳንባና ጥሬ ጉበት ነው። ከብት ሲታረድ አንዳንዴ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታያላችሁ። እሱ የትል ዘር ነው። ሰው «ይህ ለሰው አይሆንም» ይልና ለውሻ ይወረውረዋል። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ውሻው ሲበላው ዘሩ በአንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል። ትሉ የገብስ ፍሬ አያህልም፣ ውሻውም የታመመ አይመስልም። ነገር ግን እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። በሣር ላይ ይወድቃል፣ በውሻው ጠጉር ላይ ይጣበቃል። በግ ከሣሩ ጋር ይበላዋል። ሕፃን ደግሞ ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይውጠዋል። ያን ጊዜ ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት በሕፃኑ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይበቅላል። ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ቀስ ብሎ ያድጋል። ሲታወቅ ቀዶ ሕክምና ወይም ረጅም መድኃኒት ይጠይቃል። ከእኛ በስተ ደቡብ ምዕራብ በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ ይህ በሽታ በሰው ላይ በብዛት እንደሚገኝ በጥናት ታውቋል።

ልብ በሉ! ሰውን የሚይዘው የበጉን ሥጋ በመብላት አይደለም። በውሻው በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መንገዱን የሚዘጋው አራጁ ነው። ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበት ይቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ደህና የሚመስለውም ሆድ ዕቃ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይፈላ ለውሻ አይሰጥ። ልጆች ውሻ ከነኩ በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ። ፕራዚኳንቴል የሚባል የውሻ የትል መድኃኒት አለ። የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ። በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ መስጠት ይመከራል።

እንግዲህ ፍረዱ

ውሻ ቢታመም በግ ይጠፋል። ውሻ ጥሬ ሳንባ ቢበላ ልጅ ይታመማል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። የምንሰጠውን እየመረጥንና ቀስ በቀስ እያለመድን ብናበላው ሌሊቱን በደህና ይጮኽልናል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ቆጮ በጉድጓድ ለምን ይቆያል? ይህ ከውሻ ሆድ ጋር በምን ይመሳሰላል?
2. በ5ኛው ቀን ስንት እጅ አሮጌ፣ ስንት እጅ አዲስ ምግብ ይሰጣል?
3. 5 ኪሎ ደረቅ ምግብ በቀን ሩብ ኪሎ ቢሰጥ ስንት ቀን ይበቃል?
4. ከረጢት ላይ 2025 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ስንት ነው?
5. በሰፈራችሁ ከብት ሲታረድ ሳንባውና ጉበቱ ወዴት ይሄዳል? ለሚመጣው በዓል ጉድጓዱን ማን ይቆፍር? ተነጋግራችሁ ወስኑ።

አዳዲስ ቃላት

ማልመድ፦ አዲስን ነገር ቀስ በቀስ የታወቀ ማድረግ።
ረቂቅ ሕዋስ፦ በዓይን የማይታይ፣ በጣም ትንሽ ሕይወት ያለው ነገር።
ፕሮቲን፦ ሰውነትን የሚገነባ የምግብ ክፍል።
ሻጋታ፦ እርጥበት በነካው ምግብ ላይ የሚበቅል ነገር።